ለበሬ ዋስ እንጠራለን፤ ለዩኤስዲቲስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጎጃም የከብት ገበያ በሬ የሚገዛ ሰው ዋጋ ተቆርጦ ብሩ ከመቆጠሩ በፊት «ዋስህ ማን ነው?» ይላል። በሬው የሌባ ሆኖ ነገ ባለቤቱ መጥቶ ገመዱን ቢይዝ የሚጠየቅ ሰው መኖር አለበት። በስልክ በሚካሄደው የዩኤስዲቲ (ዋጋው ከአሜሪካ ዶላር ጋር የተቆራኘ የዲጂታል ገንዘብ) ሽያጭ ግን ነገሩ ተገልብጧል። የተሰረቀ ሊሆን የሚችለው ዕቃው ሳይሆን ብሩ ነው፤ ስለዚህ ዋስ መጠየቅ ያለበት ሻጩ ነው። ከደጀን እስከ ባህር ዳር ያለው ወጣት ሻጭ የሚፈራው «ሳይከፍለኝ ቢጠፋስ» የሚለውን ነው። ሳይከፍል የሚጠፋ ገዢ ግን ከአጭበርባሪዎቹ ሁሉ ቀላሉ ነው። ከባዱ የሚከፍለው ነው፤ በሌላ ሰው ገንዘብ የሚከፍለው።

መጀመሪያ ሕጉን እናንሳ፤ ይህን የምንጽፈው ሽጡ ለማለት አይደለም። ብሔራዊ ባንክ በ2014 የአገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑን፣ በክሪፕቶ (ዩኤስዲቲን በመሰለ የዲጂታል ገንዘብ) ለሚደረግ ክፍያና ዝውውርም ፈቃድ እንዳልሰጠ አስታውቆ ሕዝቡ እንዲቆጠብ አሳስቧል። ብር በገበያ እንዲተመን ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በኋላም ቢሆን የውጭ ምንዛሬ መግዛትና መሸጥ ፈቃድ ላላቸው ባንኮችና ቢሮዎች የተተወ ሥራ ነው። ይህ በተግባር ሲታይ፣ ተጭበርብሮ አቤት ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ራሱ ነው ማለት ነው። ይህን ሳያውቅ የሚገባ ሰው ከወዲሁ ቢተወው ይሻለዋል። ሆኖም በ2016 ክረምትና በ2017 መጀመሪያ ስልኩን ሲነካካ ሰንብቶ ከቴሌግራም ጨዋታ ጥቂት ኮይን ያገኘው ተማሪ፣ ለውጭ ድርጅት በኢንተርኔት ሠርቶ ደመወዙ በዩኤስዲቲ የሚመጣለት ባለሙያ፣ ከዓረብ አገር እህቱ የላከችለት ልጅ፣ እነዚህ ሁሉ አሉ። «አትንኩት» ብቻ ከተባሉ ምክር ፍለጋ የሚሄዱት እዚያው አጭበርባሪው ወደተቀመጠበት የቴሌግራም ግሩፕ ነው።

እንደ ባይናንስ ባሉ የክሪፕቶ መገበያያ መድረኮች ውስጥ ፒቱፒ የሚባለው፣ ሰው ከሰው በቀጥታ የሚገበያይበት ክፍል ሲሠራ እንዲህ ነው። ትእዛዝ (የግዢ ጥያቄ) እንደተከፈተ የሻጩ ኮይን ይታሰራል፤ እሱም ገዢውም አይነኩትም። ገዢው በተሰጠው ጊዜ ውስጥ፣ ብዙውን ጊዜ በ15 ደቂቃ፣ ብሩን ወደ ሻጩ ሂሳብ ልኮ «ከፍያለሁ» የሚለውን ቁልፍ ይጫናል። ካልተጫነ ጊዜው ሲያልቅ ትእዛዙ ራሱ ይሰረዝና ኮይኑ ይመለሳል። ከተጫነ ግን ትእዛዙ በራሱ አይሰረዝም፤ ሻጩም መሰረዝ አይችልም። ሦስት መውጫ ብቻ ይቀራል፦ ሻጩ ይለቃል፣ ገዢው ራሱ ይሰርዛል፣ ወይም አፒል (አቤቱታ) ተከፍቶ የመድረኩ ሠራተኛ ማስረጃ አይቶ ይወስናል። ኮይኑ አንዴ ከተለቀቀ በኋላ ሥራ አስኪያጅ ቢሮ ገብቶ «በስህተት ነው» ማለት አይቻልም።

«ከፍያለሁ» የሚለው ቁልፍ ብር አይልክም። ቃል ብቻ ነው። ብዙ ሰው በስልኩ ላይ አረንጓዴ ምልክትና «ክፍያ ተፈጽሟል» የሚል ጽሑፍ ሲያይ መድረኩ ያረጋገጠለት ይመስለዋል። መድረኩ የንግድ ባንክን ወይም የቴሌብርን ሂሳብ አያይም፤ ማየት የሚችለው ሻጩ ብቻ ነው።

አንድ ምሳሌ ቀረብ አድርገን እንይ። ለስሌት እንዲመች የአንዱ ዩኤስዲቲ ዋጋ 160 ብር ነው እንበል፤ 200 ዩኤስዲቲ 32,000 ብር ይሆናል። ትእዛዙ ከመከፈቱ በፊት በሂሳቡ የነበረው 4,150 ብር ነው። ገዢው «ከፍያለሁ» ባለ በደቂቃ ውስጥ «ውድ ደንበኛችን፣ ሂሳብዎ በ32,000.00 ብር ገቢ ተደርጓል፤ ቀሪ ሂሳብዎ 32,000.00 ብር ነው» የሚል አጭር መልእክት ይገባል። አጻጻፉ ልክ እንደ ባንኩ ነው፣ ሰዓቱ ልክ ነው፣ በኤፍቲ የሚጀምር የዝውውር ቁጥር እንኳ አለው። ቀሪው ግን 36,150 መሆን ነበረበት። አጭበርባሪው በሂሳቡ 4,150 ብር እንደነበረ አያውቅም፤ ስለዚህ ወይ ቀሪውን አይጽፈውም ወይ ይሳሳታል። ላኪውን ቢያዩትም ባንኩ በሌላ ጊዜ በሚልክበት ስም ሳይሆን በ09 በሚጀምር ተራ ቁጥር የመጣ ነው። የቴሌብር መልእክት ከሆነ ከ127 ካልመጣ የቴሌብር አይደለም።

ስለዚህ ትእዛዝ ከመክፈት በፊት ቀሪ ሂሳብን በወረቀት ላይ መጻፍ የመጀመሪያው ሥራ ነው። ሁለተኛው፣ ገቢ ሆነ ሲባል መልእክቱን ትቶ ራሱን ሂሳቡን መክፈት። የባንኩ መተግበሪያ እንቢ ካለ የንግድ ባንክ ደንበኛ *889#፣ የቴሌብር ተጠቃሚ *127# ይደውላል፤ እነዚህ ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ። ገዢው የሚልከው የደረሰኝ ፎቶ ከነጭራሹ ባይታይ ይሻላል። ደረሰኝ ላይ አኃዝና ስም መቀየር ለማንም ልጅ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ፎቶው የሚጠቅመው ሻጩን ለማቻኮል ነው። «እናቴ ሆስፒታል ናት፣ ቶሎ ልቀቅልኝ» የሚለውም እንደዚያው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ለዚህ ቢባል ያስኬዳል፤ ችግሩ እዚህ የፈሰሰው አይለቀምም።

ቼክም አለ። ገዢው ቼክ ወደ ሻጩ ሂሳብ ያስገባና የገቢ ወረቀቱን ፎቶ ይልካል። የሌላ ባንክ ቼክ ከሆነ ተጣርቶ እስኪያልፍ ገንዘቡ የሻጩ አይደለም፤ ደረቅ ሆኖ ሲመለስ ኮይኑ ሄዷል። ቼክ አለመቀበል ነው፤ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ። አንድ ሰው በቴሌግራም የባጃጅ ፎቶ ለጥፎ በርካሽ እሸጣለሁ ይላል። የቡሬ ነጋዴ ይደውላል፣ ይስማማሉ፣ «ቀብዱን 32,000 ብር ላክ» ተብሎ የሂሳብ ቁጥር ይሰጠዋል። ቁጥሩ የዩኤስዲቲ ሻጩ ነው። በዚያው ሰዓት ባጃጅ ሻጭ ነኝ ባዩ ባህር ዳር ካለው ልጅ ላይ የ200 ዩኤስዲቲ ትእዛዝ ከፍቷል። ነጋዴው ይልካል፤ ብሩ በትክክል ይገባል፤ ቀሪ ሂሳቡ ይስማማል፤ ልጁ ይለቃል። ባጃጁ የለም። ነጋዴው ፖሊስ ጣቢያ ሲሄድ በእጁ ያለው አንድ ስምና አንድ የሂሳብ ቁጥር ነው፤ የልጁ። ሂሳቡ ይታገዳል፣ ልጁ ይጠራል፤ ኮይኑን የወሰደው ሰው ስሙም የለም። ልጁ «ሸጬ ነው» ሲል፣ የሸጠው ብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያልሰጠውን ነገር ነው። በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ ማስመሰልን የሚከለክል አዋጅ በአገሩ እንዳለም ማስታወስ ነው። ዋስ ያልጠየቀ በሬ ገዢ የሚደርስበት ይህ ነው።

እዚህ ዋሱ ስም ነው። በመድረኩ ላይ የተረጋገጠው የገዢ ስምና ብሩን የላከው ሂሳብ ስም አንድ መሆን አለበት፤ መድረኮቹም በሌላ ሰው ሂሳብ መክፈልን ይከለክላሉ። «የወንድሜ ሂሳብ ነው»፣ «የሚስቴ ነው»፣ «ሠራተኛዬ ነው የላከልህ» የሚባል ነገር የለም። በኛ ስም አጻጻፍ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ አንዱ «ፀሐይ» የሚለው ስም በላቲን ፊደል በፓስፖርቱ አንድ ዓይነት፣ በባንኩ ሌላ ዓይነት ተጽፎ ይገኛል። የፊደል ልዩነት አያስደነግጥም። የአባት ወይም የአያት ስም ከተለየ ግን ያ ሌላ ሰው ነው፤ ክርክር የለውም።

ስሙን ለማየት እንዲመች ክፍያው ከዚያው ባንክ ሂሳብ ወደ ሂሳብ እንዲሆን በማስታወቂያው ላይ አስቀድሞ መጻፍ ይበጃል። ከሌላ ባንክ የመጣ ገቢ የላኪውን ስም አሟልቶ ላያሳይ ይችላል፣ መዘግየትም አለበት። በመስኮት ወይም በወኪል የተከፈለ ጥሬ ገንዘብ ደግሞ ማን እንዳስገባው በእርግጥ አይታወቅም። ሁለቱንም አለመቀበል ነው።

ስሙ ካልተስማማ ምን ይደረጋል? ኮይኑ አይለቀቅም። በመድረኩ መጻጻፊያ ላይ፣ በቴሌግራም ሳይሆን እዚያው፣ «የላኪው ስም ከአንተ ስም ጋር አልተስማማም፤ ገንዘቡን ወደመጣበት ሂሳብ እመልሳለሁ» ተብሎ ይጻፋል። ከዚያ ብሩ ወደመጣበት ሂሳብ ይመለሳል፣ የመመለሻው ደረሰኝ ይያያዛል፣ ገዢው ትእዛዙን እንዲሰርዝ ይጠየቃል፤ ካልሰረዘ አፒል። አጭበርባሪው እዚህ ላይ ሁለተኛ ወጥመድ አለው፦ «እሺ መልስ፤ ግን ያኛው ሂሳብ ችግር አለበት፣ በዚህ ቁጥር ላክልኝ» ይላል። በአዲሱ ቁጥር የመለሰ ሰው ብሩን ለሌባው ሰጥቶ የነጋዴውን ዕዳ በራሱ ላይ አስቀረ ማለት ነው። የመጣበትን ሂሳብ ማወቅ ካልተቻለ ቅርንጫፍ ሄዶ መጠየቅ ነው እንጂ መገመት አይገባም።

ገዢ ሲመረጥ የፈጸማቸው ትእዛዞች ብዛት፣ ከመቶ ስንቱን እንደጨረሰ፣ ከተመዘገበ ስንት ጊዜ እንደሆነው ይታያል። በእኛ ግምት ከጥቂት መቶ በታች ትእዛዝ ያለው ወይም ከመቶ 95 በታች የጨረሰ ገዢ ቢታለፍ የሚጎድል ነገር የለም። ገበያው 160 እያለ 168 የሚሰጥ ገዢም ደግነት አይደለም የያዘው፤ የራሱ ያልሆነን ብር የሚከፍል ሰው ዋጋ አይከራከርም። ይህ ሁሉ ግን ከስሙ ማስተያየት በኋላ የሚመጣ ነው፤ ምክንያቱም መልካም ታሪክ ያለው አካውንት ይከራያል። በነገራችን ላይ ይህ ኪራይ የዩኒቨርሲቲ ልጆቻችንን እያባለገ ነው። «በፋይዳህ አካውንት ክፈትልኝ፣ በወር ይህን ያህል እከፍልሃለሁ» ያለ ሰው የሚከራየው የልጁን ስም ነው፤ ክስ ሲመጣ የሚመጣው በልጁ ስም ነው። የባንክ ዝውውር ዱካ አይጠፋም። በመጋቢት 2016 የንግድ ባንክ ሲስተም በተዛባበት ሌሊት የማይገባውን ያወጣ ሰው በስሙና በፎቶው እንደተፈለገ ሁላችንም አይተናል።

ከመድረክ ውጭ፣ በቴሌግራም ግሩፕ በ«ሚድልማን» የሚደረገው ሽያጭ አያዋጣም እንላለን። ሚድልማን ማለት ኮይኑን የሚይዝ ደላላ ነው፤ የግሩፑ አስተዳዳሪ ስምና ፎቶ ደግሞ ማንም ይገለብጣል። አንዱ ዘዴ ይኸውና፦ አስመሳዩ ለራሱ መለያ ስም አያወጣም፤ የእውነተኛውን አስተዳዳሪ መለያ ስም «ስለ እኔ» በሚለው ቦታ ይጽፈዋል። ገጹን የከፈተ ሰው መለያውን ያየ ይመስለዋል። ያንን ስም ተጭኖ ሲያዩት ወደ ሌላ ሰው ገጽ ይወስዳል፤ አስመሳይነቱ የሚታወቀው በዚያ ነው።

ፊት ለፊት በጥሬ ገንዘብ የሚሸጥ ካለ ቦታው ካፌ ወይም መኪና ውስጥ ሳይሆን ባንክ አዳራሽ ይሁን። ብሩ በገንዘብ ተቀባዩ ማሽን ተቆጥሮ፣ የሐሰት ኖት እንደሌለበት ታይቶ በሻጩ ሂሳብ ከገባ በኋላ ኮይኑ ይላካል። በዚህ መንገድ ሐሰተኛ ባለ 200 ኖትም፣ መንገድ ላይ የሚጠብቅ ጓደኛም ሥራ ያጣሉ። የብሩን ምንጭ ግን ይህም አይነግርም። የገዢውን መታወቂያ ማየት ዋስ ከመጠየቅ ያነሰ ሆኖ እንኳ ከምንም ይሻላል።

ከራስ ዋሌት (ኮይን ከሚቀመጥበት መተግበሪያ) በቀጥታ ለሚልክ አንድ ሁለት ነገር። በትሮን ኔትወርክ (ኮይን ከሚተላለፍባቸው መረቦች አንዱ)፣ ማለትም በቲአርሲ20፣ የሚላክ ዩኤስዲቲ አድራሻው በ«ቲ» ፊደል ይጀምራል፣ 34 ፊደልና አኃዝ አለው። የሌሎቹ ኔትወርኮች፣ የኢትሪየምና የቤፕ20 አድራሻ በዜሮና በ«ኤክስ» ይጀምራል፤ ሁለቱ አንድ ዓይነት መልክ ስላላቸው ኔትወርኩን ማደባለቅ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። አድራሻ ከቀድሞ ዝውውር ዝርዝር አይቀዳም፤ ሌቦች መጀመሪያውና መጨረሻው የሚመሳሰል አድራሻ አዘጋጅተው ኢምንት ገንዘብ በመላክ ዝርዝሩ ውስጥ ይሸጎጣሉ። መሐሉንም ማንበብ ነው፤ መጀመሪያ ትንሽ ልኮ መድረሱን ማረጋገጥም። የዋሌቱን 12 ወይም 24 የሚስጥር ቃላት የሚጠይቅ ማንኛውም ሰው፣ «ከደንበኞች አገልግሎት ነኝ» ቢልም፣ ሌባ ነው።

የእኛ አካባቢ የራሱ ጣጣ አለው፤ መብራትና ኔትወርክ። ትእዛዝ ተከፍቶ ኔትወርክ ቢጠፋ የታሰረው ኮይን አይጠፋም፤ ሻጭ ካልለቀቀ ራሱን አይለቅም። ስለዚህ ደንግጦ የጎረቤት ስልክ ተውሶ፣ በሰው ስልክ አካውንት ከፍቶ ለመልቀቅ መሮጥ አያስፈልግም። ገዢው ከፍሎ ከሆነ መጠበቁ ያናድደዋል እንጂ አይጎዳውም፤ ኔትወርክ ሲመለስ መጀመሪያ ሂሳብ፣ ቀጥሎ ስም፣ ከዚያ መልቀቅ። አፒል ከፍቶ ከጠበቀ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ መልስ መስጠት ግን ግዴታ ነው፤ ዝም ያለ ሻጭ ሊፈረድበት ይችላል። ማስረጃው የዚያ ቀን የሂሳብ እንቅስቃሴ ነው፤ ፎቶ ብቻ ሳይሆን መተግበሪያውን ከመክፈት ጀምሮ የተቀረጸ ቪዲዮ፣ ከተቻለም ማኅተም ያለበት የባንክ ስቴትመንት። ሌሊት ከመሸጥ ይልቅ በሥራ ቀን ከጠዋቱ 3 እስከ ቀኑ 9 ሰዓት መሸጥ የሚመከረውም ችግር ሲመጣ ቅርንጫፉ ክፍት ስለሆነ ነው።

ሂሳቡ ደግሞ ለብቻው ይሁን። ደመወዝ፣ ዕቁብ ወይም የሱቅ ገንዘብ በሚገባበት ሂሳብ የሚቀበል ሰው እግድ ሲመጣ ቤቱ ሁሉ ይታገዳል። የትእዛዙ ቁጥር፣ የተጻጻፉት ሁሉ፣ የገዢው ስም፣ የኤፍቲ ቁጥሩ በአንድ ደብተር ወይም ከስልኩ ውጭ ይቀመጥ፤ ስልክ ይሰረቃልና።

ሂሳብ ከታገደ መጀመሪያ መተግበሪያውን ማጥፋት የሚቀናው ሰው አለ። አያጥፋ፤ ማስረጃው እዚያው ነው። ወደ ቅርንጫፉ ሄዶ እግዱን ያዘዘው ማን እንደሆነ፣ ፖሊስ ነው ወይስ ፍርድ ቤት፣ የደብዳቤው ቁጥርና ቀን ስንት እንደሆነ መጠየቅ አለበት። ባንኩ «ብሩ ከምን መጣ?» ሲለው «ጤፍ ሸጬ ነው» ብሎ የሚመልስ ሰው ተጠርጣሪ የነበረውን ራሱን ውሸታም ያደርገዋል፤ የሕግ ባለሙያ አማክሮ ያለውን መናገር ይሻላል። «እግዱን አስነሳልሃለሁ፣ 5,000 ብር ላክ» ብሎ የሚደውል ሰው በእርግጠኝነት ይመጣል፤ ብዙ ጊዜ ኮይኑን የወሰደው ራሱ ነው፣ ወይም የተጎጂውን ስልክ ቁጥር ከእሱ የገዛ።

በመጨረሻም በጋዜጣዎ በኩል ለባንኮች ቅርንጫፎች አንድ ጥያቄ እናቅርብ። ሂሳቡ የታገደበት ደንበኛ ዛሬ «ከላይ ነው» ተብሎ ይመለሳል። ያገደው አካል ስም፣ የደብዳቤው ቁጥርና ቀን፣ የታገደው ገንዘብ መጠን የተጻፈበት አንድ ገጽ ወረቀት ቢሰጠው፣ የቡሬው ነጋዴና የባህር ዳሩ ልጅ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ተገናኝተው የሁለቱንም ሌባ መፈለግ ይችሉ ነበር።

ከአክብሮት ጋር፣
በኮምፒውተርና በሞባይል ሥራ የተሰማራን
ከባህር ዳርና ከደብረ ማርቆስ